መጠባበቅ፣ ዕድሜና ተስፋ፦ በጅዳና በመካ መካከል የሚነሣ ጥያቄ

የሰው ልጅ ገና ያልመጣን ነገር ሲጠባበቅ የሚያሳልፈው ጊዜ በነፍሱ ላይ ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ በሃይማኖት መምህራንም ሆነ በፈላስፎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲመረመር የኖረ ሲሆን፣ በዛሬው ዘመን ደግሞ ብዙ ወጣቶች በየዕለቱ በሚነጋገሩበት አንድ ጉዳይ ውስጥ፣ ማለትም የቪዲዮ ጨዋታዎችን መውጣት በመጠባበቅ ውስጥ፣ በአዲስ መልክ ይታያል። ኮንሶል የሚባለው ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በዋናነት ለጨዋታ የሚያገለግል፣ እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ያለ መሣሪያ ነው፤ አክሽን ጌም የሚባለው ደግሞ ተጫዋቹ በፈጣን ውሳኔና በእጅ ቅልጥፍና የሚዋጋበት፣ የሚያሳድድበትና የሚያመልጥበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል ታላላቅ ከሚባሉት አንዳንዶቹ በመጀመሪያ በኮንሶል ብቻ ስለሚወጡ፣ ኮምፒውተር እንጂ ኮንሶል የሌለው ሰው የራሱ እትም እስኪደርስለት ድረስ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠብቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ የጊዜውን ርዝመት መመልከት ያስፈልጋል። ሮክስታር የተባለው ኩባንያ የሠራው "ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን" በሜይ 2010 በኮንሶል ወጥቶ ለኮምፒውተር የበቃው በኦክቶበር 2024 በመሆኑ፣ ጨዋታው መጀመሪያ ሲወጣ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው የኮምፒውተሩን እትም ያገኘው ለአካለ መጠን ደርሶ፣ ምናልባትም ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። "ብለድቦርን" የተባለው ጨዋታ በማርች 2015 በፕሌይስቴሽን 4 ከወጣ በኋላ አሥር ዓመት ሲሞላው እንኳ የኮምፒውተር እትም አልነበረውም። "ግራንድ ቴፍት አውቶ 6" ደግሞ በመጀመሪያ ለ2025 መጸው፣ ቀጥሎ ለሜይ 26 ቀን 2026፣ ከዚያም ለኖቬምበር 19 ቀን 2026 ሲቀጠር የተጠቀሱት መሣሪያዎች ኮንሶሎች ብቻ ነበሩ፤ ስለ ኮምፒውተሩ እትም የተቆረጠ ቀን አልተነገረም። እንግዲህ እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት መጠባበቅ ይታያል፦ ዘግይቶም ቢሆን ፍጻሜ ያገኘ፣ ፍጻሜው ያልታወቀ፣ እንዲሁም ቀኑ በተቆረጠ ቁጥር ወደ ፊት የሚሸሽ።

የመዘግየቱ ምክንያት ከፊሉ የሙያ፣ ከፊሉ የንግድ ነው። የአንድ ዓይነት ኮንሶል ውስጠኛ አካል በሁሉም ቤት ተመሳሳይ በመሆኑ ሠሪዎቹ ጨዋታውን ለዚያ ለሚያውቁት አካል ልክ አድርገው ይሠሩታል፤ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድና ሜሞሪ ግን ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ጨዋታው በሁሉም ላይ እንዲሠራ እንደገና መስተካከልና መፈተሽ አለበት። ከ2013 ጀምሮ የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ከኮምፒውተር ጋር አንድ ወገን የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠቀሙ ይህ ችግር ቀሏል፤ የንግዱ ምክንያት ግን እንዳለ ነው፤ ምክንያቱም የኮንሶል አምራች አንድ ተወዳጅ ጨዋታ በእርሱ መሣሪያ ላይ ብቻ ሲገኝ መሣሪያውን እንደሚሸጥለት ያውቃል። ስለዚህ ይህ መጠባበቅ እንደ ዝናብ ወይም እንደ መኸር ከተፈጥሮ ሥርዓት የመጣ ሳይሆን፣ ከፊሉ በሰዎች ውሳኔ የተሠራ፣ የሌላውን ሰው ጉጉት ወደ ገበያ ኃይል የሚለውጥ ነገር ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጥያቄ ከጅዳና ከመካ አንጻር መመርመር ሁለት ጥቅሞች አሉት። አንደኛው፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የጨዋታ ኢንዱስትሪ ባለሀብቶች አንዷ መሆኗ ነው፤ በ2022 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የጨዋታና የኢስፖርት ስትራቴጂ እስከ 2030 ድረስ 39,000 የሥራ ዕድሎችን ለመፍጠር አቅዷል፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሆኖ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለውን የጨዋታ ኩባንያ በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱ ተነግሯል። በአንጻሩ በዚያው ሀገር የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2023 "ፋይናል ፋንታሲ 16" የተባለው የአክሽን ጨዋታ አሳታሚው የተጠየቀውን ማሻሻያ ለማድረግ ባለመፍቀዱ በሀገሪቱ እንደማይወጣ አስታውቋል፤ ጨዋታው በሌላው ዓለም በጁን 2023 በፕሌይስቴሽን 5፣ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በኮምፒውተር ወጥቷል። ስለዚህ የጅዳ ወጣት ከመሣሪያው ጥያቄ አስቀድሞ የሚገባውንና የማይገባውን የመለየት ጥያቄ ያጋጥመዋል። ሁለተኛውና ዋናው ጥቅም ግን፣ ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለአሥራ አራት ክፍለ ዘመናት ያህል የመጠባበቅ ትምህርት ቤት ሆኖ መኖሩ ነው።

በጅዳ የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የሐጅ ተርሚናል በ1981 ሲከፈት፣ በ210 ድንኳን መሰል ጣሪያዎች የተሸፈነ፣ ጎኑ ለነፋስ የተተወ ሰፊ መጠለያ ሆኖ የተሠራው፣ ከዓለም ዳርቻ የሚመጡ ሐጃጆች ወደ መካ የሚጓዙበት ተራ እስኪደርስ ድረስ በጥላው ሥር እንዲያርፉ፣ እንዲሰግዱና እንዲመገቡ ታስቦ ነው። የግንባታው መሐንዲስ ፋዝሉር ራህማን ኻን ከነባልደረቦቹ የሠራው ይህ መጠለያ በ1983 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል፤ መጠባበቅ ራሱ ክብር ያለው፣ ሥፍራ ሊዘጋጅለት የሚገባ የሰው ልጅ ተግባር መሆኑን ከሚመሰክሩ የዘመናችን ሥራዎች አንዱ ነው። ሐጃጁ እዚያ ከመድረሱ በፊትም ጠብቋል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የዛሬው የእስልምና ትብብር ድርጅት አባል ሀገራት ከአንድ ሺህ ሙስሊም አንድ ሐጃጅ የሚል ኮታ ከተስማሙ ወዲህ፣ እንደ ኢንዶኔዥያ ባሉ ሕዝበ ብዙ ሀገራት አንድ አማኝ ስሙን አስመዝግቦ ተራው እስኪደርስ አሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይጠብቃል።

በአንድ በኩል ሃያ ዓመት ሐጅን የሚጠብቅ ገበሬ፣ በሌላ በኩል አሥራ አራት ዓመት ጨዋታን የሚጠብቅ ወጣት ሲታሰቡ፣ ልዩነታቸው የሚጠበቀው ነገር ክብደት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ሐጅን የሚጠብቀው ሰው ዕዳውን ይከፍላል፣ የበደለውን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ስንቁን ከንጹሕ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ የአምልኮውን ሥርዓት ይማራል፤ ሐጁ ሳይደርሰው ቢሞት እንኳ የጠበቀባቸው ዓመታት ባዶ አይሆኑም፤ በእስልምና አስተምህሮ ኒያ፣ ማለትም ሥራን የሚቀድመው የልብ ውሳኔ፣ በራሱ ዋጋ አለውና። የዚህ መጠባበቅ ፍሬ ከመድረሻው በፊት በመንገዱ ላይ መብሰል ይጀምራል።

የመካ ሥርዓተ አምልኮ ይህን ትምህርት በአካል እንቅስቃሴ ጭምር ያስተምራል። በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ የሚደረገው ሰዕይ የተባለው ጉዞ፣ በእስልምና ትውፊት መሠረት ሐጀር ለሕፃኑ ኢስማዒል ውኃ ፍለጋ በበረሃው የተመላለሰችበትን የሚያስታውስ ነው። ሐጀር እርዳታን ትጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን ተቀምጣ አልጠበቀችም። ከዚህም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ የዘምዘም ውኃ የፈለቀው እርሷ በሮጠችባቸው ኮረብቶች ላይ ሳይሆን ሕፃኑ ባለበት ሥፍራ መሆኑ ነው። ሩጫዋ ውኃውን አላስገኘም፤ ሆኖም በከንቱ አልቀረም፤ የእናትነት ግዴታዋን በእርግጠኝነት ማጣት ውስጥ ሆና የተወጣችበት ሥራ በመሆኑ፣ ሚሊዮኖች እስከ ዛሬ ይደግሙታል። የእስልምና መምህራን ተወኩል የሚሉት፣ ማለትም የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ውጤቱን ለአላህ መተው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ሁሉም መጠባበቅ ግን እንደ ሐጀር አይደለም። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላለፈና ኢማም ቡኻሪ በመዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ በመሬት ላይ አራት ማዕዘን ሥለው፣ በመካከሉ አንድ መሥመር ከማዕዘኑ ውጭ እስኪወጣ ድረስ አስምረው፣ በጎኑም ትንንሽ መሥመሮችን ጨምረው እንዳስተማሩ ይነገራል፤ መካከል ላይ ያለው ሰው ነው፣ አራት ማዕዘኑ ከብቦ የያዘው አጀል፣ ማለትም የተወሰነው ዕድሜው ነው፣ ከማዕዘኑ አልፎ የሚወጣው መሥመር ተስፋው ነው፣ ትንንሾቹም የሚደርሱበት መከራዎች ናቸው። የትምህርቱ ጭብጥ የሰው ተስፋ ከዕድሜው እንደሚረዝም፣ ሰውም ባልተሰጠው ቀን ላይ ቤት እንደሚሠራ ማስገንዘብ ነው። ይህ በዓረብኛ ጡል አል አመል፣ የተስፋ መርዘም፣ ይባላል።

በ1111 ያረፈው ታላቁ ሊቅ አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ "የሃይማኖት ዕውቀቶች ሕያውነት" በተሰኘው ሥራው የመጨረሻ መጽሐፍ ይህን ጉዳይ በሰፊው ሲመረምር፣ የተስፋ መርዘም ሥሮች ሁለት መሆናቸውን ያስረዳል፤ አንዱ ዱንያን፣ ማለትም ይህን ዓለም መውደድ፣ ሁለተኛው አለማወቅ ነው። ሰው ሥራውንና ንስሐውን ከቀን ወደ ቀን የማስተላለፍ ልማድ ያድርበታል፤ ይህም ተስዊፍ ይባላል፤ አንዱ ጉዳይ ሲያልቅ ሌላ ጉዳይ ይወልዳል፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከማስተላለፍ አይወጣም። ገዛሊ በ1095 የባግዳድን የመምህርነት ወንበሩን ትቶ ከሄደ በኋላ ወደ መካ ለሐጅ የተጓዘ ሰው በመሆኑ፣ ስለ ማስተላለፍ የጻፈው በራሱ ሕይወት ከተጋፈጠው ፈተና የራቀ አልነበረም።

የጨዋታ መጠባበቅ ከዚህ አስተምህሮ ጋር የሚገናኘው በሰንሰለትነቱ ነው። ማስታወቂያው ይወጣል፣ ቀጥሎ አጭር ቪዲዮ፣ ቀጥሎ የቀን ቀጠሮ፣ ቀጥሎ የቀጠሮው መራዘም፤ ጨዋታው ሲደርስም የሚቀጥለው ጨዋታ ማስታወቂያ ቀድሞት ተገኝቷል። ለነፍስ አደገኛ የሚሆነው ጨዋታው አምሮ መታየቱ ሳይሆን፣ ሕይወት ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በኋላ እንደሚጀምር የሚያሳምነው ይህ ሰንሰለት ነው። በ354 በዛሬዋ አልጄሪያ ምድር የተወለደው ክርስቲያናዊው ሊቅ አውግስጢኖስም በ"ኑዛዜዎች" አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ጊዜ ሲመራመር፣ መጪው ጊዜ በነፍስ ውስጥ የሚኖረው በመጠባበቅ መልክ እንደሆነ፣ መጠባበቁ ራሱ ግን በአሁኑ ቅጽበት እንደሚከናወን አስተምሯል። ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ ሰው ለሚጠብቀው ነገር የሚከፍለው ዋጋ ነገ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ትኩረቱን ዛሬ ከፍሏል። በሁለት ሃይማኖቶች ውስጥ የቆሙ ሁለት ሊቃውንት በዘመን ተራርቀው ሳለ፣ ዛሬ ብቻ በሰው እጅ እንዳለ በማስተማር ይገናኛሉ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ጨዋታንና ተስፋን በጅምላ መኮነን ሚዛናዊ አይሆንም። ተስፋ ባይኖር ማንም ችግኝ አይተክልም ነበር፤ በነቢዩ ሐዲስ ውስጥ በእጁ ችግኝ ይዞ ሳለ የትንሣኤ ሰዓት የመጣበት ሰው እንኳ ከቻለ እንዲተክለው መታዘዙ፣ ፍሬው የማይታይ ሥራም ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ጨዋታን በሚመለከት ደግሞ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን የቀረበ ማስረጃ አለ። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት መሠረት፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና በነቢዩ መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ የምእመናን እናት ዓኢሻ ከነቢዩ ጀርባ ሆና እስክትጠግብ ተመልክታለች፤ የነቢዩ ባልደረባ ዑመር ሊያስቆማቸው ሲነሣም ነቢዩ እንዲተዋቸው ነግረውታል። ይህ ዘገባ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ትርኢት ያለበት ጨዋታ በተከበረ ሥፍራ እንኳ እንደተፈቀደ ይመሰክራል። በሌላ በኩል ጨዋታው የተደረገው በዒድ ቀን፣ ማለትም ለደስታ በተለየ ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያለው ጨዋታ የሰውን ልብ ያሳርፋል፣ ጊዜን ሁሉ የሚወስድ ጨዋታ ግን ዒድንም የሥራ ቀንንም ያጠፋል።

የጠባቂው ግዴታ እንዳለ ሆኖ፣ የሻጩም ግዴታ መመርመር አለበት። ዛሬ ብዙ ጨዋታዎች ገና ሳይወጡ አስቀድሞ ገንዘብ በመክፈል ይሸጣሉ። የእስልምና ሕግ ገና በእጅ የሌለን ነገር መሸጥን በመርሕ ደረጃ የሚከለክለው ገረርን፣ ማለትም ወደ ክርክርና ወደ ጉዳት የሚያመራ አሻሚነትን ለማስወገድ ሲሆን፣ ሰለም የተባለውን ውል ግን ፈቅዷል። ነቢዩ ወደ መዲና ሲመጡ ሰዎች ለቴምር ፍሬ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ይከፍሉ ስለነበር፣ ይህን የሚያደርግ ሰው መጠኑን፣ ክብደቱንና ጊዜውን አሳውቆ እንዲያደርግ አዘዋል። መርሑ በዘመናችን ላይ ሲታይ፣ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ፣ በየትኛው መሣሪያ ላይ በምን ብቃት እንደሚሠራና መቼ እንደሚደርስ ካልታወቀ፣ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ በአሻሚነት ላይ የቆመ ነው ማለት ይሆናል። በጁን 2015 "ባትማን፦ አርካም ናይት" በኮምፒውተር ሲወጣ ከብልሽቱ ብዛት የተነሣ በቀናት ውስጥ ከሽያጭ መነሣቱ ይህ ፍርሃት መሠረት እንዳለው ያሳያል።

ፍትሕ በቦታም ይፈተናል። "ጎስት ኦፍ ሱሺማ" የተባለው የአክሽን ጨዋታ ከፕሌይስቴሽን 4 ወደ ኮምፒውተር በሜይ 2024 ሲሸጋገር፣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት በሌለባቸው ከ170 በላይ ሀገራትና ግዛቶች ከሽያጭ ተነሥቶ ነበር፤ ሳዑዲ ዓረቢያ አገልግሎቱ ካለባቸው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከሌለባቸው ወገን ነበሩ። በዚያን ጊዜ በጅዳ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊገዛው ይችል የነበረውን ነገር በአዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ገንዘብ ቢኖረውም አያገኘውም ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በትዕግሥት እንዲጠብቅ መምከር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሶብር፣ ማለትም በመከራና በመዘግየት ውስጥ ጸንቶ መቆም፣ በደልን በዝምታ ማለፍ ማለት ስላልሆነ፣ ለመግዛት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ እኩል በር እንዲከፈት መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም በቀይ ባሕር በሁለቱ ዳርቻዎች የተጻፈ አንድ የመጠባበቅ ታሪክ ለዚህ ሐተታ መለኪያ ሊሆን ይችላል። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከጅዳ በስተደቡብ ካለው የሹዐይባ ወደብ ተሳፍረው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ፤ ንጉሡ ነጃሺም ተቀበላቸው፤ ከመካ የተላኩ መልእክተኞች እንዲመለሱ ሲጠይቁም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ከስደተኞቹ ከፊሎቹ ቀድመው ሲመለሱ፣ ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብና አብረውት የነበሩት ግን እስከ 628 ድረስ በሐበሻ ቆይተዋል። ከአሥር ዓመት በላይ የመመለሻቸውን ቀን የጠበቁት እነዚህ ሰዎች በዚያ ዘመን ልጆች ወልደዋል፣ ሃይማኖታቸውን ጠብቀዋል፣ ከሀገሩ ሕዝብ ጋር በሰላም ኖረዋል፤ ሕይወታቸውን እስከ መመለሻቸው ቀን አላቆዩትም። ዛሬም በጅዳ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ ደመወዛቸውንና የሀገር ቤት ጉዟቸውን የሚጠባበቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ የእነርሱ መጠባበቅ ከጨዋታ መጠባበቅ እጅግ የከበደ ቢሆንም፣ የመካከሉን ቀን የመኖር ግዴታ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የሚከተለው ነው። አንድን ጨዋታ በጉጉት መጠባበቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን የዕለቱን ሶላት ወይም ጸሎት፣ ትምህርት፣ ሥራና የወላጅ መብት የሚያዘገይ ከሆነ፣ ሊቃውንቱ ያስጠነቀቁበት የተስፋ መርዘም ሆኗል። ቁርኣን በዋሻው ምዕራፍ ነገ አደርገዋለሁ የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ እንዲያስቀድም ማስተማሩ፣ የሚጠበቀው ነገር ቢቀርም ሳይሰበር ለመኖር የሚያስችል የልብ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሚጠብቅ ወጣት ጨዋታው እስኪመጣ ያለውን ዓመት ለሚጠቅመው ነገር ይጠቀምበት፤ ያላየውንና ጊዜው ያልታወቀውን ነገር አስቀድሞ አይግዛ፤ ወላጆችም ጉጉቱን ከመናቅ ይልቅ ልጃቸው በመካከሉ ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቁት። ጨዋታው ሲዘገይ ኩባንያው አዲስ ቀን ሊቆርጥ ይችላል፤ ያለፈውን የወጣትነት ዓመት ግን የሚመልስ ኩባንያ የለም።